የማዕድን አካባቢ የውሃ ጥናት አገልግሎት፦ ለገንዘባችን ምን አገኘን?

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ለመስክ ሠራተኞቹ ብቻ ቢሆን ያለ ምንም ማቅማማት 5 ነበር የምሰጠው። ለሪፖርቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ከ2 አያልፍም። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፣ የአካባቢያችንንም ስም አልጠራም፤ ስም ማጥፋት አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ እናንተም አካባቢ ማዕድን ሊከፈት ነው ሲባል እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ልትገዙ ትችላላችሁ፤ ያኔ ምን እንደምትጠይቁ አውቃችሁ ግቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጋ የወርቅ ማዕድን ሊከፈት በዕቅድ ላይ ነው። ቦታው ከተራራው ሥር ነው፣ የምንጠጣው ውሃ ደግሞ ከዚያው ተራራ ይወርዳል። አንድ ትልቅ ምንጭ አለን፣ ትንንሽ ምንጮች አሉ፣ በየሰፈሩ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ታች ደግሞ ከብቱ የሚጠጣበት ወንዝ አለ። ሥራ ይፈጠራል፣ መንገድ ይሠራል ብሎ የሚደሰት ሰው ብዙ ነው፤ ልክም ነው። ግን ሁሉም ሰው በልቡ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ውሃችንስ? የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ፣ የእድሩ ሽማግሌዎችና ከአካባቢው ወጥተን ከተማና ውጭ አገር የምንኖር ልጆች ገንዘብ አዋጥተን የራሳችንን ጥናት ለማሠራት ወሰንን።

«ኩባንያው ራሱ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ያሠራ የለ፣ እናንተ ምን አገባችሁ?» ያሉን ነበሩ። አዎ፣ ያሠራል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ጥናቱን አሠርቶ የሚያቀርበውም፣ ወጪውን የሚችለውም ፕሮጀክቱን ይዞ የመጣው አካል ነው። ይህ ማለት አማካሪውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ማዕድኑን መክፈት የሚፈልገው ወገን ነው። አማካሪው ታማኝ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹም ታማኝ ናቸው። ግን የኔ ውሃ ጉዳይ በሌላ ሰው ደብተር ብቻ እንዲመዘገብ አልፈልግም። ያው አዋጅ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየትም ይሰብሰብበት ይላል። አስተያየት ለመስጠት ግን የራስህ ቁጥር ያስፈልግሃል። ያለ ቁጥር «እንሰጋለን» ብትል «ስጋታችሁን ተረድተናል» ተብለህ ትሸኛለህ፣ በቃ።

ለገደንቢን አስታውሱ። ጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው የወርቅ ማዕድን። ነዋሪው ለዓመታት ስለ ፅንስ መጨንገፍ፣ ከነጉዳታቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት፣ ስለሚያልቁ ከብቶች ሲናገር ኖሮ በመጨረሻ ተቃውሞው ገፍቶ ፈቃዱ በግንቦት 2010 ታገደ፣ የጤና ጥናትም ይደረግ ተባለ። ማዕድኑ ያኔ በግል እጅ ከገባ እንኳ 20 ዓመት ሆኖት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ገብቶ «ይህ ከማዕድኑ ነው፣ ይህ ድሮም የነበረ ነው» ብሎ መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ማዕድኑ አንድ አካፋ አፈር ሳያነሳ የውሃውን መነሻ ሁኔታ መዝግቦ መያዝ፤ የገዛነው አገልግሎት በአጭሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ግምገማው ልግባ።

መስክ ላይ የመጡት ልጆች ወጣቶች ናቸው፣ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ወደ ምንጩ መሄድ አልነበረም። ቁጭ ብለው መሣሪያቸውን አስተካከሉ። የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን የፒኤች መለኪያ 4፣ 7 እና 10 በሆኑ ፈሳሾች፣ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚያሳየውን የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ደግሞ ንባቡ 1413 መሆኑ በታወቀ ፈሳሽ ሞክረው ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ይህን የሚያደርግ ቡድን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ይህን ሳያደርግ መሣሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ውሃ ውስጥ የሚነክር ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ትልቁ ምንጭ ጋ ስንደርስ ሴቶች ጄሪካን ደርድረው ወረፋ ይዘው ነበር። ልጆቹ አላቋረጧቸውም፣ ወረፋ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከቧንቧው ሥር አድርገው በስልክ ሰዓት ያዙለት፤ በ50 ሰከንድ ሞላ። ደግመው ደጋግመው ሞከሩት፣ ያው ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ክረምቱ ገና መውጣቱ። ከልጆቹ አንዱ ወረፋ ላይ ወደነበሩ አንዲት እናት ጠጋ ብሎ፣

«እማማ፣ ይሄ ምንጭ ደርቆ ያውቃል?» አላቸው።

«ደርቆ አያውቅም ልጄ። ግን ሚያዝያ ላይ ናና እየው፣ ይቺን ጄሪካን እስክትሞላ ቡና ይፈላል። ሌሊት ነው የምንቀዳው።»

ልጁ ይህን ቃል በቃል ጻፈው። ከነወሩ፣ ከነ«ሌሊት ነው የምንቀዳው»ው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ያቺ ጥያቄ ትበልጣለች። መሣሪያ የሚለካው የዛሬን ብቻ ነው፣ እሳቸው ግን የብዙ ዓመቱን ያውቁታል።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። 20 ሊትር በ50 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 0.4 ሊትር ነው፣ በቀን ወደ 34,500 ሊትር። የገጠር ውሃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ። ስለዚህ በጥቅምት ምንጩ በወረቀት ላይ ከ1,300 ሰው በላይ ይበቃል። ሚያዝያ ላይ ግን ቡድኑ ተመልሶ ሲለካ ያው ጄሪካን 3 ደቂቃ ፈጀ። አሁን በቀን 9,600 ሊትር ሆነ፤ ከ400 ሰው በታች። አንድ ምንጭ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት የተለያየ ዓለም። እሳቸው ቡና ይፈላል ያሉት ማጋነን አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ከድርጅቱ ጋር መጀመሪያ የተጨቃጨቅነው። ውሉ ሲመጣ የናሙና ጊዜ የሚለው ቦታ ላይ ያለው ጥቅምት ብቻ ነበር። «አንድ ዙር ይበቃል፣ መነሻ መረጃ ነው» አሉን። አይበቃም! ማዕድን ሲቆፈር ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ በታች ከወረደ ውሃው እየተቀዳ መውጣት አለበት፣ አለዚያ መቆፈሪያው ይሞላል። ያ መቅዳት ዙሪያውን ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ በአካባቢው ያለው የውሃ ከፍታ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚሰማውም በጋ ላይ በቀጭኑ የሚፈሰው ምንጭና ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ነው። ክረምት ላይ ብትለካ ምንም አይታይህም። ነገ ምንጩ ሚያዝያ ላይ ሲደርቅ «በጥቅምት ለክተን ብዙ ውሃ ነበረው፣ የደረቀው በድርቅ ነው» ይሉሃል፣ አንተም የምታሳየው ወረቀት አይኖርህም። ኮሚቴው ጠንክሮ ሚያዝያን ውሉ ውስጥ አስገባ፣ ተጨማሪ ከፈልን፣ አንዲት ሳንቲም አልቆጨኝም።

ናሙና አወሳሰዳቸውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። አንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ አዲስ አበባ መላክ ምርመራ አይባልም። ልጆቹ ከእያንዳንዱ ቦታ የተለያዩ ጠርሙሶች ሞሉ። ለብረታ ብረቱ የሚሆነውን በሲሪንጅ ጫፍ በተገጠመ ማጣሪያ እያጣሩ፣ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርገውበት፤ ይህ የሚደረገው ብረቱ በመንገድ ላይ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ለሳይናይድ (ወርቅን ከድንጋይ ለመለየት የሚውለው መርዛም ኬሚካል) የሚሆነው ደግሞ አሲድ ጭራሽ አይነካውም፣ በተቃራኒው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የሚጨመርበት፤ አሲድ ከነካው ሳይናይዱ ጋዝ ሆኖ ይበናል። የባክቴሪያው ጠርሙስ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት። ከእጅ ፓምፕ ሲወስዱ ቱቦው ውስጥ ቆሞ ያደረውን ውሃ ፓምፕ አድርገው አስወጥተው፣ መለኪያው ሲረጋ ነው የሞሉት። አንድ ጠርሙስ ደግሞ የተጣራ ውሃ ብቻ ሞልተው ከሌሎቹ ጋር ላኩ። «ይህ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኩ። «በሱ ውስጥ ብረት ከተገኘ ቆሻሻው ከኛ እጅ ወይም ከላብራቶሪው ነው ማለት ነው» አለኝ። ተደሰትኩ። 5 ኮከቡ ለዚህ ነው።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ወረቀቱ በማኅተም ያጌጠ ነው። አርሴኒክ (ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ መርዛም ንጥረ ነገር) የሚለው መስመር ላይ «ከ0.05 በታች» ይላል። ለሁሉም ምንጭ፣ ለሁሉም ጉድጓድ፣ ተመሳሳይ። ከጎኑ ደግሞ «መስፈርቱን ያሟላል» ተብሎ ተጽፏል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉ ሰዎች እፎይ አሉ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ገደብ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፣ የአገራችንም መስፈርት እዚያው ላይ ነው። የላብራቶሪው መሣሪያ ከ0.05 በታች ያለውን ማየት አይችልም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ 0.04 ቢኖር፣ ማለትም ከገደቡ 4 እጥፍ ቢሆን፣ ይህ ወረቀት «ያሟላል» ይል ነበር! ምንም አልነገረንም። የማያይ ሰው «ምንም የለም» ቢል ማስረጃ ይሆናል እንዴ?

ስልክ ደወልን። መጀመሪያ «ላብራቶሪው ፈቃድ ያለው ነው» ተባልን። ፈቃዱን ማን ጠየቀ? የጠየቅነው መሣሪያው ስንት ድረስ ያያል ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ናሙናዎቹ ዝቅተኛ መጠን የሚያይ መሣሪያ ወዳለው ሌላ ላብራቶሪ ተላኩ። ደግነቱ በአሲድ የተያዘ የብረታ ብረት ናሙና እስከ 6 ወር ስለሚቆይ ለአርሴኒክና ለእርሳስ ችግር አልነበረም። ሜርኩሪው ግን 28 ቀን ነው የሚቆየው፣ ያ አልፎበት ስለነበር ለሜርኩሪ እንደገና መቅዳት አስፈለገ። ወጪውን ድርጅቱ ቻለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ግን ደንበኛው እስኪጮህ መጠበቅ አልነበረባቸውም። ባለሙያው ማን ነው፣ እኛ ነን ወይስ እነሱ?

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ዝቅተኛ የመለየት አቅም በጽሑፍ ጠይቁ። አርሴኒክ 0.01፣ እርሳስ 0.01፣ ካድሚየም 0.003፣ ሜርኩሪ 0.006፤ እነዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ገደቦች ናቸው፣ በሊትር ሚሊግራም። የላብራቶሪው አቅም ከነዚህ በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። «እናያለን» ካሉ ሌላ ፈልጉ።

ሜርኩሪን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቦታ እንደሚታየው እኛም ጋ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ልጆች አሉ፣ አንዳንዶቹም ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ የተባለውን መርዛም ፈሳሽ ብረት ይጠቀማሉ ይባላል። ኮሚቴው ውስጥ «ይህንን ባንነካው ይሻላል፣ የራሳችንን ልጆች እናስከስሳለን» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። የመስኩ ቡድን መሪ ረጋ ብሎ አስረዳን። ዛሬ ካልተለካ ነገ ከማዕድኑ የዝቃጭ ግድብ የሚወጣ ማንኛውም ነገር በባህላዊ አውጪዎቹ ይላከካል። ዛሬ ከተለካ ግን የትኛው ከነሱ፣ የትኛው ከኩባንያው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ልክ ነው። ልጆቹን የሚከላከልላቸው ራሱ መለካቱ ነው። ከወንዙ ውሃ በተጨማሪ ከወንዙ ሥር ያለው ደለል እንዲወሰድ የመከረንም እሱ ነው፣ ሜርኩሪ የሚጠራቀመው ደለሉ ውስጥ ስለሆነ። እንዲህ ዓይነት ምክር ውል ላይ አይጻፍም፤ ጥሩ ባለሙያ ካጋጠመህ ብቻ ነው የምታገኘው።

ሪፖርቱ ላይ ስደርስ ሆዴ ይቃጠላል።

ወፍራም ነው። ባለ ቀለም ካርታ አለው። ግማሹ የአገሪቱን አየር ንብረትና የወረዳውን የሕዝብ ብዛት ይተርካል፣ ከሌላ ጥናት ተወስዶ የገባ ይመስላል፤ እኛ አካባቢ ጭራሽ የሌለ ሐይቅ ሳይቀር ተጠቅሷል። ይህን ማለፍ ይቻላል። የማይታለፈው የምንጩ ቁጥር ነው። ጥቅምትና ሚያዝያን ደምረው ለሁለት ከፍለው «አማካይ ፍሰት» ብለው አስቀመጡት! ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያ ተጨማሪ ክፍያ፣ እኚያ እናት የተናገሩት ሁሉ በአንድ አማካይ ተዋጠ። በአማካይ ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም። ሚያዝያ ላይ የሚጠማ ሰው በጥቅምቱ ውሃ አይረካም።

ቀጥሎ የኮምፒውተር ሞዴሉ። የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል በጣም ጠቃሚ ነገር ነው፣ ሞድፍሎው የሚባለው ፕሮግራም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም። ያስገባኸውን ነው የሚያወጣው። የኛ ሪፖርት በማዕድኑ ዙሪያ አንድ ንጹሕ ክብ አስምሮ «ከዚህ ክብ ውጪ ያሉ ምንጮች ላይ ተጽዕኖው ዝቅተኛ ነው» ይላል። ትልቁ ምንጫችን ከክቡ በትንሹ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ግን ወርቅ የሚገኝበት የአገራችን ድንጋይ፣ በምዕራቡም በደቡቡም፣ በጣም ያረጀና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ነው። እዚያ ውስጥ ውሃ የሚሄደው በስንጥቅ ነው። በአንድ በኩል ሩቅ ድረስ ይስባል፣ በሌላ በኩል ቅርብ ያለውን አይነካም። ንጹሕ ክብ የሚመጣው ድንጋዩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው ብለህ ስታስብ ነው። ይህን ለማወቅ ጉድጓድ ላይ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ፓምፕ እያደረጉ ሌሎቹ ጉድጓዶች ላይ ውሃው ምን ያህል እንደወረደ ማየት ያስፈልጋል። ተደርጓል ወይ ስንል «ከጽሑፍ የተወሰደ ዋጋ ተጠቅመናል» አሉ። ማለትም ሌላ ቦታ፣ ሌላ ድንጋይ ላይ የተለካ።

ይህ በኛ ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ ጥናት 25 ማዕድን ማውጫዎች ላይ ከመከፈታቸው በፊት የተተነበየውና በኋላ የሆነው ጎን ለጎን ታይቶ፣ 19ኙ ማለትም 76 ከመቶው የውሃ ጥራት ገደቦችን አልፈው ተገኝተዋል። ያ ሁሉ ባለሙያና ላብራቶሪ ባለበት አገር። ትንበያ ሊሳሳት ይችላል፤ የተለካ ቁጥር ግን ነገም ያው ነው። ለዚህ ነው ገንዘቡን ከትንበያው ይልቅ ልኬቱ ላይ አውሉት የምለው።

የአሲድ ነገር ደግሞ አለ። ወርቁ ያለበት ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ይገኛል። ከመሬት በታች ሳለ ምንም አያደርግም። ተቆፍሮ ወጥቶ ሲከመር፣ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል። አሲዱ በተራው ከድንጋዩ ውስጥ ሌሎች ብረቶችን እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። ይህ ማዕድኑ ሲዘጋ አብሮ አይቆምም። ጆሃንስበርግ አጠገብ ከድሮ የወርቅ ማዕድኖች ውስጥ አሲዳማ ውሃ ሞልቶ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ ቁፋሮና ፓምፑ ከቆሙ በኋላ። ስለዚህ ጥያቄው የኛ ተራራ ድንጋይ አሲድ ያመነጫል ወይስ አያመነጭም ነው። የሚመረመርበት መንገድ አለ። ድንጋዩ ውስጥ አሲድ የሚሠራውና አሲድ የሚያከሽፈው ሲመዛዘን የመጀመሪያ መልስ ይገኛል፣ አጠራጣሪ ከሆነ ድንጋዩን ላብራቶሪ ውስጥ በየሳምንቱ እያጠቡ ቢያንስ ለ20 ሳምንት የሚከታተሉበት ሙከራ አለ።

የኛ ሪፖርት ስለዚህ 1 አንቀጽ ብቻ ነው ያለው። «ሊከሰት ይችላል፣ ጥንቃቄ ይደረግ» ይላል። በእርግጥ የቁፋሮ ድንጋዩ ያለው በኩባንያው እጅ ነው፣ እኛ አውጥተን ማስመርመር አንችልም። ግን ሪፖርቱ ቢያንስ «ይህንን ከኩባንያው ጠይቁ፣ ውጤቱን ካላሳዩ አትስማሙ» ማለት ነበረበት። ለሕዝብ የሚሠራ አማካሪ ሥራው ይኸው አይደለም እንዴ? በኋላ እኛው ራሳችን በሕዝብ ውይይቱ ላይ ጠየቅን።

ስለ ትንሿ መለኪያም ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልናገር። ከገበያ የሚገዛ እስክሪብቶ የሚያህል የቲዲኤስ መለኪያ አለ፣ የውሃ ኮሚቴያችን አንድ ገዝቷል። እባካችሁ በሱ ውጤት «ውሃው ንጹሕ ነው» እንዳትሉ። የሚለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው በጥቅሉ ነው። አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ፣ ሳይናይድ በሚጎዱበት መጠን ቢኖሩ እንኳ አያሳይም። ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ እየለካችሁ ደብተር ላይ ብትጽፉ፣ አንድ ቀን ቁጥሩ በድንገት ከፍ ካለ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይነግራችኋል፣ ያኔ ናሙና ወደ ላብራቶሪ ትልካላችሁ። እኛ ጋ ይህን ሥራ የያዘችው 10ኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ከጄሪካኑ መሙያ ሰዓት ጋር አብራ ትጽፈዋለች። ደብተሯ ከሪፖርቱ ይልቅ ንጹሕ ነው፣ የምሬን ነው።

ዋጋውን በተመለከተ በየጊዜው ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። የሚበላው ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። መኪናና ነዳጅ መጀመሪያ፣ የብረታ ብረት ምርመራ ቀጥሎ። ተራው የፒኤችና የባክቴሪያ ምርመራ ርካሽ ነው። የናሙና ቦታ ለመቀነስ አትሞክሩ፣ ከሪፖርቱ ገጽ ይቀነስ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሰዎች የድሮ ጉድጓዶችን ጥልቀትና የተቆፈሩበትን ዓመት ከመዝገብ አውጥተው በነጻ ሰጥተውናል፤ ድርጅቱ ይህን ለመሰብሰብ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ክፍያ ጽፎ ነበር፣ ተሰረዘ።

ጥሬ መረጃውን ለማግኘትም ታግለናል። መጀመሪያ የሰጡን የታተመውን ሪፖርት ብቻ ነበር። የላብራቶሪው ዋና ወረቀቶች፣ የመስክ ደብተሩ፣ ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ የሚያሳየው ቅጽ፣ የምንጮቹና የጉድጓዶቹ ጂፒኤስ ቁጥር በድርጅቱ እጅ ቀርቶ ነበር። «የድርጅቱ ንብረት ነው» አሉን። እኛ ከፍለን፣ የኛ ውሃ ተለክቶ! ሽማግሌዎቹ ገብተው ነው የተሰጠን። ውላችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ማንኛውም የተለካ ነገር የማኅበረሰቡ ነው፣ ቅጂውም የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይሰጣል። አሁን የኛ ቅጂዎች በቀበሌው፣ በእድሩ እና ከአካባቢው ወጥተን በምንኖረው ልጆች እጅ ተቀምጠዋል፤ ከ1 ቦታ በላይ መሆኑ ደግ ነው፣ ወረቀት ይጠፋል።

መልሼ እቀጥራቸዋለሁ ወይ? የመስኩን ቡድን ነገ ጠዋት። እንዲያውም ለሚቀጥለው ሚያዝያ ተነጋግረናል። ላብራቶሪውን ግን እኛው መርጠን በቀጥታ እንከፍላለን፣ የመለየት አቅሙን በጽሑፍ ከሰጠን በኋላ። ሞዴሉ ጉድጓድ ላይ የፓምፕ ሙከራ ሳይደረግ እንዲሠራ አንፈቅድም። ሪፖርቱን ደግሞ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።